የጓሮው መስመር

«ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው» ይባላል፤ ጽጌ ግን የዚያን ሐሙስ ጠዋት የራሷን ወሬ በገዛ ጆሮዋ ሰማች። ወልድያ አዳጎ ባለው የእናቷ ቤት ጓሮ፣ ከመታጠቢያ ቤቱ መስኮት ሥር ቁጢጥ ብላ የቁርስ ዕቃ ታለቀልቅ ነበር። የመስኮቱ መስታወት ትላንት ስለተነቀለ ውስጥ የሚባለው ሁሉ ጓሮ ድረስ ይሰማል። ቧንቧ ሠራተኛው ኡበይደላ ግድግዳውን በመዶሻና በፑንታ ሲፈለፍል ቆይቶ ድንገት አቆመና፣ «ጋሽ ሀብታሙ፣ ወደ ጓሮ የሚያልፈው መስመርስ? ከዚህ ቅርንጫፍ ልተውለት?» ሲል ጠየቀ። ሀብታሙ የጽጌ ታናሽ ወንድም ነው። ሰዓት እንደተጠየቀ ሰው ቀለል አድርጎ መለሰ። «እሱን በካፕ ዝጋው። ከመስከረም ወዲያ እዚያ የሚኖር የለም። ገዢው ውል ፈርሞ ቤቱን ሲረከብ ጓሮውን ማፍረሱ አይቀርም።» መዶሻው ሥራውን ቀጠለ።

ጽጌ አንዷን ብርጭቆ ሦስት ጊዜ አጠበቻት። የምን ገዢ? ቤት ይሸጣል ያለው ማነው? ያቺ «የሚኖርባት የለም» የተባለችው የጓሮ ክፍል እሷ የምትተኛባት ናት፤ አሥራ አንድ ዓመት ተኝታባታለች። አንድ አልጋ፣ አንድ የስፌት መኪና፣ አንድ የልብስ ሳጥን አላት። ነሐሴ ስለሆነ ደግሞ ሰማያዊ ጨርቅ እስከ መስኮቱ ድረስ ተከምሯል፤ የተማሪ ዩኒፎርም ነው። ከበሯ ጎን ባለችው ቧንቧ ፊቷን ትታጠባለች፣ ጨርቁን ትነክራለች፣ ለምግብ ማብሰያ የሚሆን ውሃ ትቀዳለች። እናታቸው እማማ ሸዋዬ በሕይወት ሳሉ ዋናው ቤት የሳቸው ነበር። የመኪናው ጩኸት በሽተኛ እንዳይረብሽ ብላ ጓሮ የገባችው ጽጌ፣ እሳቸው ካረፉም በኋላ ወደ ፊት ለመውጣት ድፍረቱን አላገኘችም። ሳሎኑ ባዶውን ያድራል፤ እሷ በየቅዳሜው ገብታ ትወለውለዋለች።

ሀብታሙ ሰኞ ዕለት ከኮምቦልቻ ሲመጣ የሻወሩን ሚክሰር በካርቶኑ ታቅፎ ነበር የመጣው። ገና ቁጭ ሳይል ከፍቶ አሳያት፤ እንደ መስታወት የሚያብረቀርቅ፣ ሙቁንና ቀዝቃዛውን ደባልቆ የሚሰጥ፣ ግድግዳ ላይ የሚሰቀል ነው። «እታለም፣ ይኼ ላንቺ ነው። በስድስት ሺህ ብር ነው የገዛሁት። በዚህ ዕድሜሽ ባልዲ እየተሸከምሽ በሳፋ መታጠብ ይብቃሽ» አላት። እልል ልትል ምንም አልቀራት። ሲመሽ «ወንድሜ ሻወር ሊያስገባልኝ ነው» እያለች ለሦስት ጎረቤት ነገረች፤ አንዷ በቅናት «ታድለሽ» አለቻት። ሻወሩ ለካ የሚገባው ቤቱ ዋጋ እንዲያወጣ ነው። አሁን ከሁሉ በላይ ያንገበገባት ይኼ ነው። እነዚያን ሦስት ሴቶች ምን ብላ ታያቸዋለች? ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል ሲባል ለካ እንዲህ ኖሯል።

እንዴት እንደሚሸጥባት ለማወቅ ብዙ ማሰብ አላስፈለጋትም። በእናታቸው ተዝካር ማግስት፣ ገና ድንኳኑ ሳይነሳ፣ ሀብታሙ «ካርታው በእማማ ስም ነው፤ ወደ እኛ ስም ለማዞር ቢሮ ለቢሮ መንከራተት አለው፤ አንቺ አትንገላቺ፤ ውክልና ስጪኝና እኔ ልጨርሰው» ብሏት ነበር። ውልና ማስረጃ ቢሮ ጽሑፉ በጥድፊያ ሲነበብላት «እንዲሸጥ፣ እንዲለውጥ» የሚል ቃል ጆሮዋ ጥልቅ አለ፤ ዞር ብላ ስታየው «የተለመደ አጻጻፍ ነው» አላት። ፈረመች። ወንድም ነዋ! ያልጠረጠረ ተመነጠረ ማለት እሷ ናት። ገብታ ልትጮህበት ትችል ነበር፤ ሰፈሩን ሰብስባ ልታዋርደውም ትችል ነበር። ግን እጇን በቀሚሷ አደራርቃ፣ «ከራሱ አፍ ልስማው፤ እስቲ ዛሬን ልየው» አለች ለራሷ። ዕድል መስጠቷ ነበር፤ እሱ ግን እንደተሰጠው አላወቀም።

አራት ሰዓት ላይ ሻይ ይዛ ገባች። መታጠቢያ ቤቱ አቧራ ብቻ ሆኗል። ግድግዳው ላይ ሁለት ቦይ ከታች ወደ ላይ ተፈልፍሎ፣ በየቦዩ አንዳንድ ቧንቧ ቆሟል፤ አንዱ የሙቅ ውሃ፣ ሌላው የቀዝቃዛ ነው። ኡበይደላ የመርሳ ሰው ነው፤ ቀጠን ያለ፣ እርሳሱን ጆሮው ላይ የሚሰካ፣ ሲሠራ አፉን የማይከፍት፣ ሥራውን የነኩበት ቀን ግን የማያቆም። ቦዩን በየጥቂት ስንዝሩ በድሪል እየበሳ፣ ብሎን የሚይዝ ፊሸር እየከተተ፣ ቧንቧውን በማሰሪያ ግድግዳው ላይ ጥርቅም ያደርጋል። ከዚያ ይዞ ይወዘውዘዋል። ንቅንቅ ካለች ፈትቶ ደግሞ ያስራል። ሀብታሙ በሩ ላይ ቆሞ ይቁነጠነጣል።

«ይኼ ሁሉ ማሰሪያ ምን ያደርጋል? ሲሚንቶው ይይዘው የለ?»

«ሲሚንቶ አይዘውም ጋሼ» አለ ኡበይደላ ሻዩን በሁለት እጁ እየተቀበለ። «እዚህ አገር ውሃው በፈረቃ ነው። ሰንብቶ ሲመጣ አየሩን ከፊቱ እየገፋ ነው የሚመጣው፤ ያኔ ቧንቧው ግድግዳው ውስጥ ይንዘፈዘፋል። ሰውም ሚክሰሩን በከፈተ በዘጋ ቁጥር ይስበዋል። ያልታሰረ እንደሆነ ውስጥ ውስጡን ይላቀቃል፤ እርስዎ የሚያውቁት ግድግዳው ማልቀስ ሲጀምር ነው።» መርሳ ላይ አንድ ባለቤት አጣድፎት ሳያስር የደፈነውን ቤት አነሳ፤ በወሩ የግድግዳው ሴራሚክ ሁሉ ረግፎ፣ በገዛ ጉልበቱ እንደገና ሠርቶለታል። «ወላሂ፣ ከዚያ ወዲህ ያላሰርኩትንና ያልፈተንኩትን አልደፍንም። ዛሬ ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ ውሃው ይመጣል አይደል እትየ ጽጌ?»

«ይመጣል። ሐሙስ የእኛ ሰፈር ተራ ነው» አለች። ከዚያ ወደ ወንድሟ ዞረች። «ሀብቴ፣ መስከረም ሲጠባ ሥራ ይበዛብኛል። የስፌት መኪናዋን ወደ ሳሎን ባስገባት ምን ይመስልሃል?»

ሀብታሙ ሻዩን ፉት አለ። «እሱን ቀስ ብለን እናየዋለን እታለም። ምን አስቸኮለሽ?» ትንሽ ቆይቶም ሻዩ ስኳር እንደበዛበት ነገራት።

ኡበይደላ ሻዩን ጨርሶ ሲነሳ ጽጌን ከላይ እስከ ታች አያት። ደንበኛው የነገረው ሻወሩ ለእህቱ መሆኑን ነው፤ ጠዋት የሰማውን የገዢ ነገር ልብ ብሎ አላሰበበትም፤ ጓሮው የሚዘጋውም እሷ ወደ ዋናው ቤት ልትገባ ስለሆነ መስሎታል። ለእሱ ደግሞ ሚክሰር የሚሰቀለው በሚታጠበው ሰው ልክ ነው፤ አስተማሪው እንዲህ ነው ያስተማረው። «እትየ፣ እስቲ እዚህ ጋ ይቁሙልኝ። ክንድዎን አጠፍ ያድርጉ፤ አዎ፣ እንደዚያ» አላት። ጽጌ ከአቧራው መሃል ቆመች። ልክ የሚወሰድላት እሷ መሆኗ ገረማት፤ ዕድሜ ልኳን የሰው ልክ ስትወስድ የኖረች ሴት ናት። ኡበይደላ ክርኗ አጠገብ ግድግዳው ላይ በእርሳስ ምልክት አደረገ።

«ምን እያደረጋችሁ ነው?» አለ ሀብታሙ ከሳሎን ብቅ ብሎ።

«ልክ እየወሰድኩ ነው። እትየ አጠር ስለሚሉ ከሜትር ትንሽ ዝቅ ላድርገው ብዬ ነው።»

«ተወው፤ መደበኛውን አድርገው። ሜትር ከሃያ።»

«ግን የሚታጠቡት እሳቸው ከሆኑ . . .»

«መደበኛውን አልኩህ እኮ! ማንም የሚታጠብበት ነው።»

ኡበይደላ አንዴ ሀብታሙን፣ አንዴ ጽጌን አየ። ጠዋት ስለ ገዢ የሰማውና አሁን የሰማው እዚያው ተገጣጠመለት መሰል፣ አንገቱን ደፍቶ ሜትሩን ዘረጋ። አዲሱን ምልክት ከአሮጌው አንድ ስንዝር ያህል ከፍ አድርጎ አሰመረ። የታችኛውን አላጠፋውም።

ምሳ ምስር ወጥ ነበር። ኡበይደላ ሶላቱን ለመስገድ ስለወጣ እህትና ወንድም ብቻቸውን ቀረቡ። ሳሎኑ ውስጥ የእናታቸው ሶፋ በላስቲክ ተሸፍኖ አንድ ጥግ ተገፍቷል፤ የእሳቸው ፎቶግራፍ አቧራ እንዳይነካው ተብሎ ፊቱን ወደ ግድግዳ ዞሯል። ሀብታሙ ስለ ሴራሚክ ዋጋ አወራ፤ ካቻምና በዚያ ዋጋ ክፍሉን ሙሉ ያለብሱበት እንደነበር፣ ዘንድሮ ግማሹን እንኳ እንደማይሸፍን። ስለ ልጆቹ አወራ። ኮምቦልቻ የጀመረው ቤት ጣሪያ ሳይለብስ ክረምቱ እንደገባበትም አወራ፤ እሱን ሲናገር ድምፁ እውነት ነበረው፤ ጽጌም አዘነችለት። ጉርሻ አጎረሰችው፤ አፉን ከፍቶ ተቀበላት።

«ሀብቴ፣ ሻወሩ ግን ለእኔ ነው፣ አይደል?»

«ታዲያ ለማን ሊሆን ነው?» አለና ማንኪያውን ከጨው ዕቃው ጋር እኩል አድርጎ አስተካከለ። የጨው ዕቃውን ደግሞ ከውሃው ብርጭቆ ጋር አሰለፈ። ገና የስድስት ዓመት ልጅ ሆኖ ስኳር ሰርቆ የበላ ቀን እንዲሁ ነበር፤ ሲዋሽ ያገኘውን ዕቃ ሁሉ ያሰልፋል። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ! ጽጌ ማዕዱን አነሳች፣ እጇን ታጠበች፣ የእናቷን የጸሎት መጽሐፍ ገልጣ መሃሉ ላይ ያስቀመጠችውን የውክልናውን ቅጂ አወጣች። «ክር አልቆብኛል፤ ፒያሳ ደርሼ ልምጣ» ብላ ነጠላዋን አጣፋች።

ባጃጁ ውስጥ ከሁለት ተማሪዎች ጋር ተጣበቀች። ካፊያ ነበር። ውክልናውን የፈረመችበት ቢሮ ገና ከምሳ መከፈቱ ስለነበር ወረፋው አልረዘመም። መስኮቱ ላይ ያገኘቻት ራሄል የምትባለው ሠራተኛ ናት፤ የሴት ልጇን ዩኒፎርም ሁለት ዓመት የሰፋችላት ጽጌ ናት። ጽጌ ወረቀቱን በመስኮቱ አሳልፋ ሰጠቻት።

«ይኼን ውክልና ላነሳ ነው የመጣሁት። እሱ ካልመጣ አይሆንም እንዴ?»

«የሰጠ ሰው ብቻውን ማንሳት ይችላል» አለች ራሄል። ስሙን አነበበች፤ ቀና ብላም አየቻት። «ወንድምዎ አይደሉ? ተጣላችሁ እንዴ እትየ ጽጌ?»

«አልተጣላንም። ልንነጋገር ነው።»

ራሄል ቅጹን አወጣች። ይህን ቅጽ ሙሉ፣ እዚህ ፈርሙ፣ እዚያ ክፈሉ፣ ሲባል አንድ ሰዓት ያህል ሄደ። ጽጌ ዘንድሮ በዚያ ጠረጴዛ ላይ ስትፈርም ሁለተኛዋ ነው፤ የአሁኑን ግን ቃል በቃል እንዲነበብላት ጠየቀች፤ ደግማም አስነበበች። ከኋላዋ የቆመ ሰውዬ አጉረመረመ፤ ያጉረምርም አለች በልቧ። የምታነሳው ወረቀት ብቻ እንዳልሆነ ታውቃለች፤ ወንድም ማለት ለእሷ አንድ እሱ ነው፤ ባል የላት፣ ልጅ የላት። «ለተወካዩ ማሳወቅ አለብዎት» አለቻት ራሄል ግልባጩን ስትሰጣት። «ሳይመሽ ያውቃል» አለች ጽጌ። ወደ ቤት ስትመለስ ክር መግዛቱንም አልረሳችም፤ ሰማያዊ፣ ሁለት ጥቅል።

ስትገባ ውሃው መጥቶ ነበር። ቧንቧው ጣሪያው ሥር ጓ! ጓ! ሲል ከበር ይሰማል። ሚክሰሩ ለሙከራ በሁለቱ እግሮቹ ግድግዳው ላይ ቆሟል፤ ኡበይደላ መዳፉን ቧንቧው ላይ አሳርፎ የሚንቀጠቀጥ እንደሆነ ያዳምጣል። ከአየሩ በኋላ ድፍርስ፣ ከድፍርሱ በኋላ ኩልል ያለ ውሃ ወረደ። መጋጠሚያዎቹን በደረቅ ሶፍት እየጠረገ አየ፤ አንድም ጠብታ የለም። የተቦካው ሲሚንቶ በባልዲ ሆኖ ይጠብቃል። የቀረው የኡበይደላ የመጨረሻ ደንብ ነው፤ ግድግዳ ከመደፈኑ በፊት ቤት ውስጥ ያለ ቧንቧ ሁሉ ይከፈታል፣ ከያለበትም ሰው ጮሆ ይመልሳል። የወጥ ቤቱን ራሱ አየ። የጓሮውን እንዲያስከፍት ለሀብታሙ ነገረው።

ሀብታሙ የመስኮቱን አፍ ይዞ ተጣራ። «እታለም! የጓሮውን ቧንቧ ክፈቺው እስቲ! ይወርዳል?»

አቤት የሰው ነገር! የዘጋባትን ቧንቧ መዘጋቱን እንድታረጋግጥለት ነው የሚጠይቃት። ጽጌ በሯ ጋ ሄዳ ቧንቧዋን ከፈተች። ትንሽ አየር እፍ አለች፣ አንድ ጠብታ ጣቷ ላይ ወደቀች፣ በቃ። «አይወርድም!» አለች ጮክ ብላ።

«ጥሩ!» አለ ሀብታሙ።

ያቺ «ጥሩ» ናት የጨረሰችው። ጽጌ የክሩን ጥቅል ደጃፏ ላይ አስቀመጠች፣ ወደ ዋናው ቤት ገባች፣ መታጠቢያ ቤቱ በር ላይ ቆመች። «ልክ እንደነገርከው ተዘግቷል» አለችው። «እሱን በካፕ ዝጋው፤ ከመስከረም ወዲያ እዚያ የሚኖር የለም። ይኼው ነበር ቃሉ። በመስኮቱ ሰምቼሃለሁ።» ከዚያ ግልባጩን ሰጠችው።

ሀብታሙ ቆሞ አነበበ። ማኅተሙ ላይ ሲደርስ ቀኑን ለማንበብ ወረቀቱን ወደ ብርሃኑ አዞረው። ፊቱ መጀመሪያ ቀላ፣ ከዚያ አመድ መሰለ። «ልነግርሽ ነበር» አለ።

«መቼ?»

«ማታ። ዛሬ ማታ።»

«ጠዋት ጠየቅሁህ። ምሳ ላይ ጠየቅሁህ፤ ማንኪያ አሰለፍክ። ለቧንቧ ሠራተኛው ስትነግረው ግን ሲቀልህ ሰማሁ።»

«ሜዳ ላይ ልጥልሽ አይደለም እኮ! ከእኛ ጋር ኮምቦልቻ ትኖሪያለሽ ብዬ ነው።»

«የት? ጣሪያ የሌለው ቤት ውስጥ?» አለች። እንባዋ መጣ፤ አልደበቀችውም። «ሀብቴ፣ ተቸግሬያለሁ ብትለኝ እኮ እኔው ነበርኩ ሸጠህ ውሰድ የምልህ። ለምን ታታልለኛለህ? ለምንስ ሻወሩ ላንቺ ነው ትለኛለህ? እኔ ለሰው ተናገርኩ እኮ!»

ሀብታሙ ከግድግዳው ጎን የተደረደሩትን ትርፍራፊ ቧንቧዎች በጫማው ጫፍ እኩል ሊያደርጋቸው ሲነካካ፣ ጽጌ እግሩን እንዳየችው አይቶ ተወው። ኡበይደላ መውጫውን እህትና ወንድም ስለዘጉበት የት እንደሚገባ ጨንቆታል። የልስን ማንካውን አንስቶ ሲሚንቶውን አንድ ጊዜ አማሰለው። «አፉ በሉኝ» አለ በመጨረሻ፣ «ሲሚንቶው እየደረቀብኝ ነው። ልድፈነው ወይስ?»

ሀብታሙ ወረቀቱን ለሁለት አጠፈ፣ ለአራት አጠፈ፣ ኪሱ ከተተው። «እሷን ጠይቃት» አለ።

ኡበይደላ ወደ ጽጌ ዞረ። ጽጌ ዓይኗን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገች፣ ወደ ግድግዳውም ጠጋ አለች። የእርሳሱ ምልክት አሁንም አለ፤ ሚክሰሩ ከላዩ ተሰቅሏል። «አትድፈነው» አለች። «መጀመሪያ የጓሮውን መስመር መልስልኝ። እንደ ሌላው በደንብ አስረህ።»

«ሚክሰሩንስ? ዝቅ ላድርገው?»

«እሱ እዚያው ይሁን፤ እጄን ከፍ አድርጌም ቢሆን እከፍተዋለሁ።»

«አብሽሩ እትየ» አለና ውሃውን ከዋናው ዘጋው። ካፑን ቆርጦ ጣለ። ቅርንጫፉን አግሎ ገጠመው፣ ሁለት ማሰሪያ አሰረለት፤ ወዘወዘውና ሦስተኛ ጨመረ። ሀብታሙ ሳይጠየቅ የድሪሉን ገመድ ያዘለት። ጽጌ ጓሮ ወጥታ ባልዲዋን ከቧንቧዋ ሥር ደቀነች፣ በሯ ደፍ ላይም ተቀመጠች።

ውሃው ሲመለስ ቧንቧዋ ሁለት ጊዜ አንኮራፋች። ከዚያ ባልዲው ውስጥ መውረድ ጀመረ።

«እታለም! ይወርዳል?» አለ ሀብታሙ ከመስኮቱ።

ጽጌ ውሃውን አየችው። ይወርዳል፤ ባልዲው ሩብ ሞልቷል።

«እታለም?» ድምፁ ዝቅ ብሏል። «ይወርዳል ወይ?»

ቀኑን ሙሉ የእሱን ቃል ስትጠብቅ የዋለችው እሷ ናት። አሁን ትንሽ ይጠብቅ፤ ባልዲው ሲሞላ ትነግረዋለች።